በገዛ ዕጢዎቹ ላይ ስለሚነሣ ደዌ

የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳትና ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት የተሠራ መሆኑን አባቶቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። እነዚህ ባሕርያት በጠባያቸው የማይስማሙ ሲሆኑ በአንድ አካል ተዋድደው መኖራቸው የፈጣሪ ጥበብ ነው፤ ስምምነታቸው በፈረሰ ጊዜ ግን ደዌ ይገባል ይላሉ። የዛሬ ዘመን የሕክምና ሊቃውንትም በሌላ ቃል ይናገሩት እንጂ ከዚህ ትምህርት ብዙ የማይርቅ ነገር አግኝተዋል። ይኸውም ሥጋን ከውጭ ጠላት እንዲጠብቅ የተሰጠው የሰውነት ሠራዊት ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት በገዛ ከተማው ላይ የሚዘምትበት የሕመም ዓይነት ነው። ከእነዚህም ሕመሞች አንዱ በአንድ ዕጢ ብቻ ሳይወሰን ከዕጢ ወደ ዕጢ እየተሻገረ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በጕልምስና የሚገለጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ሕመሙ ብርቅ ነው። ነገር ግን ብርቅ ስለ ሆነ ብቻ የሚታወቅበት ሰው አጥቶ፣ በርካሽ መድኃኒት ሊኖር የሚችል ልጅ ይሞትበታል።

ዕጢዎች በመጠናቸው ትንንሾች ናቸው። በጕሮሮ ፊት ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ፣ በደጋው ሰው ዘንድ በእንቅርት ምክንያት የሚታወቀው ነው፤ የሰውነትን ሙቀትና የሥራ ፍጥነት ይመራል። ከእርሱ በስተኋላ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ አራት ዕጢዎች ተለጥፈው ይገኛሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይጠብቃሉ። በኵላሊቶች ራስ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ደግሞ ጨውንና ውሃን በሰውነት ያቆያሉ፣ የደምን ግፊት ይደግፋሉ፣ ሰው ሲታመም፣ ሲቆስል ወይም ሲራብ ጕልበት የሚሆነውን ኮርቲሶል የሚባለውን ያመነጫሉ። ቆሽትም ምግብ ከማድቀቁ ሌላ ኢንሱሊን ይሰጣል። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚወጣው ሆርሞን የሚባለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣች አጭር ደብዳቤ ሩቅ ወረዳ ደርሳ ሥራውን ሁሉ እንደምታንቀሳቅስ፣ ይህም በደም ተጉዞ የሩቁን ብልት ያዝዛል። ደብዳቤው በቀረ ጊዜ ወረዳው ምን እንደሚሆን ሹማምንት ያውቁታል።

የሰውነት ሠራዊት እንዴት ይሳሳታል? ከደረት አጥንት በስተኋላ ታይመስ የሚባል አንድ ብልት አለ፤ በሕፃንነት ትልቅ ሆኖ ሰው ባደገ ቍጥር እየሟሸሸ ይሄዳል። ይህ ብልት እንደ አንድ ጉባኤ ቤት ነው ብንል አንሳሳትም። ወታደር የሚሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት በዚያ ይማራሉ፤ የቤቱም ሥራ እያንዳንዱን ተማሪ የገዛ አካሉን መልክ እያሳዩ መፈተን ነው። የአካሉን መልክ አይቶ ለጠብ የሚነሣ ሕዋስ ከዚያ በሕይወት አይወጣም። ይህ ፈተና ይካሄድ ዘንድ በደረት ውስጥ ባለ ብልት የጕሮሮው፣ የኵላሊት ራሱና የቆሽቱ ምሳሌ ሁሉ መቅረብ አለበት፤ ምሳሌዎቹን የሚያቀርበውም ኤር ተብሎ የተሰየመው ዘረ መል ነው። በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ታወቀ። ይህ ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ተበላሽቶ የመጣለት ሕፃን ጉባኤ ቤቱ መምህር እንደ ሌለው ይሆናል፤ ያልተፈተኑ ወታደሮች ወጥተው ዕጢዎቹን አንድ በአንድ ያፈርሳሉ።

በዚህ መንገድ የሚመጣው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ በሕፃንነት በአፍ ውስጥ በማይለቅ ነጭ ሻጋታ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በጕሮሮ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ይጠፉና ካልሲየም ሲያንስ እጅና እግር እየተኰማተረ ልጁ ይንዘፈዘፋል፤ ከዚያም የኵላሊት ራስ ዕጢዎች ይከተላሉ። በፊንላንድ ከ25,000 ሰው አንድ፣ በሰርዲኒያ ደሴት ከ14,000 አንድ፣ ከኢራን በመጡ አይሁድ ዘንድ ከ9,000 አንድ ገደማ እንደሚገኝ ተቈጥሯል። እነዚህ ሕዝቦች ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው እየተጋቡ የኖሩ ናቸው። በሀገራችን ብዙ ሕዝብ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ቈጥሮ መጋባት ሥርዐት መሆኑ እንዲህ ላለው ደዌ ምን ያህል አጥር እንደ ሆነ፣ ሥርዐቱን የሠሩት አባቶች ዘረ መል የሚባል ነገር ሳይሰሙ ያገኙት ጥበብ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው ይልቅ ይበዛል። የሚመጣው በአንድ ዘረ መል ብልሽት ሳይሆን ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ከሃያ እስከ አርባ ባለው ዕድሜ ይገለጣል። የኵላሊት ራስ ዕጢዎች ከታይሮይድ ወይም ከቆሽት ጋር፣ ወይም ሦስቱም አንድነት ይጠፋሉ። ሦስተኛው የኵላሊቱን ራስ ትቶ ታይሮይድንና ቆሽትን የሚነካው ነው፤ ይህ ከሁሉ የተለመደ ነው። የሰውነት ሠራዊት ቆሽታቸውን ካጠፋባቸው የስኳር ሕሙማን ልጆች ከአምስት አንድ የሚያህሉት በደማቸው ታይሮይድን የሚቃወም ምልክት ይገኝባቸዋል፤ ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ታይሮይዱም በየጊዜው እንዲመረመር ሐኪሞች ያዝዛሉ።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ረጅም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1855 በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ቶማስ አዲሰን፣ ቆዳቸው እየጠቈረ፣ እየደከሙና እያስታወኩ የሞቱ 11 ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ የሁሉም የኵላሊት ራስ ዕጢዎች ተበላሽተው መገኘታቸውን አስረዳ። ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1912 የጃፓኑ ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ የታይሮይድ ዕጢያቸው በነጭ የደም ሕዋሳት የተወረረ አራት ሴቶችን ገለጠ። በ1926 ጀርመናዊው ሽሚት ሁለቱን ጕዳት በአንድ ሰው ላይ አንድነት ያገኘባቸውን ሁለት ሕሙማን ጻፈ። በ1956 በለንደን ሮይትና ዶኒያክ ከባልንጀሮቻቸው ጋር የታይሮይዱ አጥፊ የገዛ ሰውነት መሆኑን በደም ምርመራ አረጋገጡ። በ1974 ደግሞ ቦታዞ የሚባለው ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር ቆሽትን የሚቃወመውን ምልክት ሲያገኝ ያገኘው በእነዚሁ ብዙ ዕጢያቸው በጠፋባቸው ብርቅ ሕሙማን ደም ውስጥ ነው። እንግዲህ የልጆች የስኳር ሕመም ከየት እንደሚመጣ ዓለም የተማረው ከእነርሱ ነው። ብርቅ ሕመም ለምን ይጠናል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ሕሙማኑ ስማቸው ያልታወቀ ድኾች ብቻ አልነበሩም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ኬኔዲ ገና የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ ሳሉ በ1947 በለንደን ታመው የአዲሰን ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ፤ በመርከብ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ከሕመሙ ጽናት የተነሣ ካህን የመጨረሻውን ጸሎት አድርሶላቸዋል። ቈይቶም ታይሮይዳቸው መድከሙ ተገኘ፤ እኅታቸውም በአዲሰን ሕመም ታመዋል። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱን የሕክምና መዝገብ የመረመሩ ሐኪም በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ሕመሙ ሁለተኛው ዓይነት ነው ብለዋል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲደርሱ የተቀበሏቸው፣ በኅዳርም ወር ከቀብራቸው የተገኙላቸው እኒህ ሰው በየቀኑ ኮርቲሶን እየወሰዱ ታላቅ መንግሥት ይመሩ ነበር። ይሁን እንጂ በ1960 ለምርጫ ሲቀርቡ ቤተ ሰባቸውና ረዳቶቻቸው የአዲሰን ሕመም የለባቸውም ብለው ነበር። ሕመምን መሸሸግ የድኻና የባላገር ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እናያለን። በእኛም ሀገር ሴት ልጅ ከታመመች የሚያገባት አይገኝም ተብሎ መርፌዋን ከጎረቤት የምትሸሽግ ስንት አለች።

አሁን ነገሩን ወደ ከሚሴ እናምጣ። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ በቦርከና ሸለቆ ተቀምጣለች። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ በስተቆላ ያሉት ወረዳዎች ከእርሷ ይብሳሉ። የዞኑም አቀማመጥ አስቸጋሪ ነው፤ ባቲ በስም ከዞኑ ብትሆንም የባቲ ሰው ከሚሴ ለመድረስ በኮምቦልቻ በኩል ዞሮ ይመጣል። ከዚህ አገር በእነዚህ ዕጢዎች ሕመም የተያዘ አንድ ልጅ አለ ብለን በሐሳብ እናቁም። ማን ያውቅለታል?

ልጁ ሲከሳ የምግብ እጥረት ነው ይባላል። ሲያስታውክ ወባ ነው ይባላል፤ በቆላ ወባ መኖሩ እውነት ነውና ፍርዱ ከንቱ አይደለም። ካልሲየም አንሶት ሲንዘፈዘፍ የሚጥል በሽታ ነው ወይም ጋኔን ነው ይባላል። ጨው ቢመኝ፣ የአፋር ግመሎች ጨው ሲያወርዱባት በኖሩባት በባቲ ገበያ አንድ ልጅ ጨው ቢልስ ማን ልብ ይላል? ለምጽ የመሰለ ነጭ ምልክት በቆዳው ሲወጣ ደግሞ ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር አደባልቆ ይሸሸዋል። ይህ ምልክት እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነው። የሥጋ ደዌ ያለበት ምልክት መርፌ ቢነካው አይሰማውም፤ ይህኛው ግን ይሰማዋል፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ከደሴ አጠገብ ያለው፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሁለቱን መለየት የቈየ ሥራው ነው።

የቆዳ መጥቈር የአዲሰን ሕመም ታላቅ ምልክት ነው፤ ነገር ግን አዲሰን የጻፈው ስለ ነጭ ሰዎች ነበር። በጥቁር ሰው ላይ መጥቈሩን ለማወቅ ድድን፣ የመዳፍን መስመርና አሮጌ ጠባሳን ማየት ያስፈልጋል። እናቱንም መጠየቅ ነው፤ የልጇ መልክ ከወንድሞቹ ተለይቶ መጥቈሩን ከሐኪም በፊት የምታውቅ እርሷ ናትና። የደም ግፊቱን ተኝቶና ቆሞ መለካትም ይገባል፤ ሲቆም ብርቱ መውረድ ካለ ጥርጣሬው ይጸናል። ለዚህ የግፊት መለኪያ ብቻ ይበቃል። በወረዳ ጤና ጣቢያ የማይገኘው የሆርሞንና የደም ምልክት ምርመራ ነው። ሌላም ጥሩ ምልክት አለ፤ ኢንሱሊን ሲወስድ የኖረ ልጅ ያለ ምክንያት የሚበቃው መጠን እያነሰ ቢሄድና ስኳሩ እየወረደ ቢወድቅ፣ ቤተ ሰቡ እየዳነ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ይህ ደስታ አሳሳች ነው። የኵላሊት ራስ ዕጢዎች መጥፋት ሲጀምሩ የሚሆነው ይኸው ነውና።

ነገርን ሁሉ ለዚህ ብርቅ ሕመም መስጠት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል። በሀገራችን የኵላሊት ራስ ዕጢዎችን የነቀርሳ በሽታም ያጠፋቸዋል፤ አዲሰን ካያቸው ሕሙማንም ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ወጣትና ከሲታ የሆነ የስኳር ሕመምተኛም ሁሉ ሠራዊቱ የከዳው አይደለም። በጎንደር የነበሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ድኾች ገበሬዎች መሆናቸውን ገልጠው፣ በልጅነት ረኃብ የሚመጣ የስኳር ሕመም አለ የሚለው የቈየ ክርክር እንደገና ይታይ ብለው ነበር። የዓለም የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ይህን ዓይነት አምስተኛ ብሎ ተቀብሎታል። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከብሪታንያዊው ፕሮፌሰር ኤልድረድ ፓሪ ጋር ያደረጉት ሌላ ነገር ደግሞ ለከሚሴ ይልቁን ይጠቅማል፤ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው በየጤና ጣቢያው ለሠለጠኑ ነርሶች ሰጡ፤ ሕመምተኛውም ቀን ሙሉ ከመጓዝ ዳነ።

ስለ ጾምና ስለ ጠበል ሳንናገር ብንዘጋው ጽሑፉ ለካህናት አንባቢዎቻችን ጐደሎ ይሆናል። በከሚሴና በአካባቢዋ የሚበዛው ሕዝብ እስላም ነው፤ ክርስቲያኑም ከእርሱ ጋር ተጐራብቶ ይኖራል። በሁለቱም ወገን የታመመ ልጅ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸሎት ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ጸሎቱ ከመድኃኒት ጋር አይስማማም ተብሎ መርፌው ሲጣል ነው። ቆሽቱ ፈጽሞ የጠፋ ልጅ ኢንሱሊን ከተወ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። የኵላሊት ራስ ዕጢ የሌለው ደግሞ እህል ሳይቀምስ ጠበል በብዛት ጠጥቶ ቢያስመልሰው፣ የያዘው ጥቂት ጨው ወጥቶ በአንድ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል። ሰውም ጋኔኑ ሲለቅ ገደለው ይላል።

ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ኢሳይያስ ነቢይ ሆኖ ሳለ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዝዟል። ጸሎት ብቻ የሚበቃ ቢሆን ለነቢዩ ምን ቸገረው? ፍትሐ ነገሥትም ለታመመ ሰው ከጾም ፈቃድ ይሰጣል፤ ቁርኣንም የታመመው በሌላ ቀን እንዲከፍል ወይም ድኻ እንዲያበላ ያዝዛል። ስለዚህ የነፍስ አባት ለንስሓ ልጁ፣ ሼኹም ለተማሪው፣ ይህ ፈቃድ አንተን ይመለከታል ብለው በግልጽ ቢነግሩት አዲስ ሕግ አያወጡም። ሐኪም ቢለው ፈራ ይባላል፤ ካህኑ ሲለው ግን ይሰማል። በጠበል ቦታ የሚያገለግሉ አባቶች ኪኒንና መርፌ የያዘ ሕፃን ሲመጣ አስቀምጥ ከማለት ይልቅ ውሰድና ተጠመቅ ቢሉ፣ ብዙ እናቶች ከሁለት ፍርሃት ያድናሉ።

መድኃኒቱ ራሱ አዲስ አይደለም። በጥር 1922 በአውሮፓ አቆጣጠር በቶሮንቶ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኮርቲሶን በሰው ላይ የተሞከረው በ1948 ሲሆን ያገኙት ሊቃውንት በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የታይሮይዱ ኪኒን፣ ካልሲየሙና ቪታሚኑ ሁሉ የታወቁ ናቸው። የጨው ማቆያው ፍሉድሮኮርቲሶን ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች በገበያ አይገኝም፤ ዋጋው ስለ ከበደ አይደለም፣ የሚፈልጉት ሕሙማን ጥቂቶች ስለ ሆኑ የሚያመጣው ነጋዴ ስለ ጠፋ ነው። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለነጋዴ መተው ሳይሆን መንግሥት ራሱ ማምጣት እንዳለበት እናምናለን። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በደሴ ቅርንጫፍ አለው፤ ለዞኑ ሆስፒታሎች ጥቂት ብልቃጥ በዓመት ማስቀመጥ ከባድ ወጪ አይሆንም። በየቦታው የሚገኘው ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶልን ቦታ ይተካል እንጂ የጨው ማቆያውን ሥራ አይተካም።

መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታይቷል። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን በያዘ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ሥራው ተቋርጦ ነበር። የእግር ስብራት ያለበት ሰው አንድ ወር ተሠቃይቶ ይጠብቃል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ግን ወር የሚጠብቅበት ሆድ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ሕሙማን በየወረዳው በስም ተመዝግበው፣ ለእነርሱ ብቻ የማይነካ የሦስት ወር ስንቅ በጤና ጣቢያ እንዲቀመጥ ማዘዝ የዞኑ አስተዳደር ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። መዝገቡ አንድ ገጽ አይሞላም ይሆናል።

ለጤና ሠራተኞች አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ታይሮይዱ የደከመ ልጅ ሲገኝ የኵላሊት ራስ ዕጢው ሳይጠረጠርና ሳይታይ የታይሮይዱን ኪኒን ብቻ መስጠት አደገኛ ነው። ሰውነት በኪኒኑ ሲቀሰቀስ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ፈጥኖ ይጨርሳትና ልጁ ሊወድቅ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ኮርቲሶል አስቀድሞ፣ ታይሮይድ ኋላ ነው። ትኩሳት ወይም ቍስል በመጣ ጊዜም የኮርቲሶሉ መጠን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የሚያስታውክ ከሆነ በመርፌ ይሰጠዋል። ይህን የሚገልጥ ትንሽ ወረቀት በልጁ አንገት ወይም ኪስ ቢኖር፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢጻፍ፣ ሰንበቴ ገበያ መካከል ቢወድቅ ያገኘው ሰው ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል።

የኢንሱሊን ማስቀመጫም ጉዳይ አለ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ከተከፈተም በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል አራት ሳምንት ያህል ይቈያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከሉ አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት ይቻላል፤ ውሃው ሲተንን ዕቃው ይበርዳል። ብልቃጡ ውሃ እንዳይገባበት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሚሴ ሸክላውም፣ የቦርከና አሸዋውም አላት።